የጋሽ ገብረትንሣኤ ወንበርና የቀበሌው መስመር

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለው የጋሽ ገብረትንሣኤ ቤት ከፊት ፀጉር ቤት፣ ከመጋረጃው ኋላ መኖሪያ ነው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እምሩ የከተማ ፕላን ይዞ መጣና ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አሰመረ።

«ከዚህ ወዲህ ንግድ፣ ከዚያ ወዲያ መኖሪያ። መኖሪያው ውስጥ ከተነገደ ቤቱ ይታሸጋል!» ብሎ ይህንኑ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

መስመሩ የሚያልፈው በደንበኛው ወንበር መሐል ለመሐል ነው። ወንበሩ ደግሞ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ነው። እንንቀለው ቢሉ የመንግሥትን ወለል ማፍረስ ሆነ።

አምስት ልጅ ያደገው በዚያ ወንበር ነውና ጋሽ ገብረትንሣኤ ሦስት ቀን አስበው በሕጉ መሠረት መላጨት ጀመሩ። መጀመሪያ በመንገዱ በኩል፣ ማለትም ንግድ ውስጥ ያለውን ቀኝ ጉንጭ ይላጫሉ። ከዚያ ደንበኛው ይነሳና መደገፊያውን አቅፎ፣ ፈረስ እንደተቀመጠ ሰው ዞሮ ይቀመጣል። ግራ ጉንጩም በተራው ንግድ ውስጥ ይገባል።

«ጋሼ፣ አፍንጫዬስ የት ነው ያለው?» አላቸው አንድ የእሪ በከንቱ ልጅ።

«አፍንጫህ ድንበር ነው፤ አትነካካው።»

በቀን ሃያ ሰው ይላጩ የነበሩት ስምንት ላይ ቆሙ። ሊስቅ የሚመጣው በዛ፤ ሳቅ ግን ዳቦ አይገዛም።

አንድ ማለዳ ራሱ ጓድ እምሩ ጢሙን አሳድጎ ከች አለ።

«ቶሎ ይበሉ ጋሼ! የከፍተኛው ስብሰባ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ነው የቀረው።»

ቀኝ ጉንጩ ጸዳ። ጋሽ ገብረትንሣኤ ምላጩን ጠረጉ።

«ይነሱና ይዙሩ፣ ጓድ።»

«ለምን?»

«ግራ ጉንጭዎ መኖሪያ ነው።»

«ጊዜ የለኝም እኮ! ይላጩት ዝም ብለው!»

«ቤቴ ይታሸግብኛላ። ፊርማዎ ያውልዎ።»

ወረፋ የያዝነው ሁላችን ጣሪያ ጣሪያውን አየን። ጓድ እምሩ መስታወቱን አየ፤ በአንድ በኩል ሊቀመንበር፣ በአንድ በኩል ሽፍታ።

«ኖራ አምጡ!»

ሳሙናው ከጉንጩ እየተንጠባጠበ አሮጌውን መስመር በጫማው አጠፋና አዲሱን አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አሰመረ። ስብሰባው ላይ «በቀበሌያችን የንግድ ቦታ ተስፋፍቷል» ብሎ ተጨብጭቦለታል አሉ።

ጋሽ ገብረትንሣኤ ወደ ሃያቸው ተመለሱ። አዲሱ መስመር ግን በመጋረጃው ሥር አልፎ አልጋቸውን ለሁለት ከፍሎታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምብራት መስመሩን ጎንበስ ብለው አዩና የባላቸውን ትራስ በንግዱ በኩል አስቀመጡ።

«ምነው ምብራት?»

«ያንተ ማንኮራፋት ፋብሪካ ነው። መኖሪያ ውስጥ አይፈቀድም።»