የተክለጻድቅ ውሾች

አስካለማርያም ውሻ ወዳ አታውቅም። አትጠላም፤ ግን ውሻ ማለት ለእሷ በር ላይ ታስሮ ሌባ ሲመጣ የሚጮኽ፣ ትራፊ የሚጣልለት፣ ከዚያ ያለፈ ጉዳይ የሌለው ፍጡር ነበር። ውሻ አስከትሎ በጠዋት መዞር የባሏ የተክለጻድቅ አመል ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት፣ "እስከ ዛሬ ተቀምጬ ሄድኩ፤ ከእንግዲህ በእግሬ ነው" አለ። መቻልና ዳማ የሚባሉ ሁለት ውሾቹን አስከትሎ ጎህ ሲቀድ ይወጣና እሷ ለሥራ ስትለባብስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሶ፣ ፊቱ በርቶ ይመለሳል። የት ደርሶ እንደመጣ ጠይቃው አታውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ጅማ ወስደው አሳከሙት። ነፍሱ ተረፈች፤ ሐኪሞቹም በትዕግሥት ይሻለዋል ብለው ወደ ቦንጋ ሰደዱት። አልጋው መስኮቱ ሥር ተደረገ። ቀን ቀን እህቱ ሰብሌ ትጠብቀዋለች፤ ሌላው ሁሉ የአስካለማርያም ነው። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ እግሩን ታሸዋለች። ከዚያ ዞን መሥሪያ ቤት ገብታ ሰው ኃይል አስተዳደር ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፤ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ዝውውር ተከለከልኩ ብሎ ፊቷ የሚያለቅስ ሠራተኛ። ማታ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት የምትወጣው በጉልበቷ ሳይሆን በእልህ ነበር። ልጃቸው ትሁት ከአዲስ አበባ ስትደውል፣ "እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?" ትላታለች።

"ምንም፤ ደክሞኝ ነው።"

"ሁሌ?"

"ሁሌ" ትላለች አስካለማርያም፤ ሌላ ምን ትበል?

ውሾቹ ግን የሆነው ነገር አልገባቸውም። በየማለዳው መስኮቱ ሥር ይመጣሉ። ዳማ፣ ወጣቷ፣ ግድግዳውን እየቧጨረች ታለቃቅሳለች። መቻል ግን አርጅቷል፤ ቁጭ ብሎ መስኮቱን ያያል እንጂ ድምፅ አያሰማም። ተክለጻድቅም ከውስጥ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ከአንድ ዓይኑ ብቻ እንባ ይወርዳል። አንድ ቀን አስካለማርያም ፊቱን ስትጠርግለት እጇን ያዘና፣

"ው…ሰጃቸው" አላት።

"ማንን?"

በግራ እጁ መስኮቱን አሳያት።

"እኔ? ውሻ አስከትዬ በቦንጋ ከተማ? ሰው ምን ይለኛል ተክሌ?"

"በእ…ግዜር፣ አስኩ።"

የሄደችው ለእሱ ብላ ብቻ አይደለም። ያ ልቅሶ ለአንድ ጠዋት እንኳ ጸጥ ቢልልኝ ብላም ነው። ለቤተ ክርስቲያን እንደሚወጣ ሰው ነጠላዋን ተከናነበች፤ ግን ውሻ አስከትሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ስለሌለ ማንንም አላታለለችም። ተራ ላይ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ተጠቃቀሱ። አንዲት ጎረቤቷ በሯ ላይ ቆማ፣ "እትዬ አስካል፣ እርስዎ ነዎት ውሾቹን የሚወስዱት ወይስ እነሱ ናቸው እርስዎን?" ብላ ሳቀች።

"እኔ እንጃ" አለች አስካለማርያም። እውነቷን ነበር። መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መታጠፊያ ላይ ደርሳ ወዴት እንደሆነ ሳታውቅ ስትቆም፣ መቻል ዞር ብሎ ሳያያት ወደ አንዱ ይታጠፋል፤ እሷም ትከተላለች። አስፋልቱን ትተው የድንጋዩን መንገድ ወረዱ። ከዚያ በእንሰትና በቡና መሐል የምታልፍ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስኬድ ቀጭን መንገድ መጣች። ጭጋጉ ከጫካው አልተነሣም። ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ የቅጠሉ ውኃ ነጠላዋ ላይ ረገፈ። እዚህ ከተማ ተወልዳ አድጋ እንዲህ ያለ ቦታ በእግር የሚደረስበት ቅርበት ላይ መኖሩን ረስታው ነበር።

ጫካው አፍ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ። ውሾቹ እዚያ ሲደርሱ፣ ቁጭ በሉ የተባሉ ይመስል፣ ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። አንዲት ጠና ያለች ሴት የቆጮ ቁራሽ ይዛ ወጣች። ውሾቹን አየች፤ ቀና ብላ አስካለማርያምን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። መጀመሪያ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ፣ አስካለማርያም ግር ሲላት ደግሞ በአማርኛ፣

"ጋሽ ተክሌ ሞቱ?" አለች።

"ኧረ አልሞተም! ታሞ ነው።"

ሴትየዋ እዚያው ግንድ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "ተመስገን! ውሾቹን ከሌላ ሰው ጋር ሳይ አለቀ ብዬ ነው።" ስሟ ላቀች ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ በየቀኑ "እንዴት አደርሽ" የሚላት ተክለጻድቅ ብቻ ነበር። "እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት። አወቅሁ። ስለ እርስዎ ብዙ ይላሉ።"

"ምን ይላል?"

"በጣም ትደክማለች ይላሉ። የፊት በሩ ሲጢጥ ስለሚል እንቅልፏ እንዳይረበሽ በጓሮ ነው የምወጣው ይላሉ።"

ለአስካለማርያም ግን ያን ሁሉ ዓመት በጓሮ የሚወጣው ውሾቹ እዚያ ስለሚያድሩ ይመስላት ነበር።

ቤት ስትመለስ ተክለጻድቅ አንገቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ ይጠብቃታል። "የ…ት?" አለ። ፊቱን እያጠበች ነገረችው፤ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ላቀች፣ ሞተ ብላ ስለመደንገጧ። የፊቱ ግማሽ ሳቀ። ስለ ጓሮው በር ስትነግረው ግን እንደ ልጅ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰብሌ ስትመጣ ሁለቱ ሲያወሩ ደረሰች። ከታመመ ወዲህ በባልና ሚስቱ መሐል "ዙር"፣ "አፍህን ክፈት"፣ "አመመህ?" ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረም፤ አሁን ወሬ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወጣች። ስትመለስ ይጠይቃታል።

"ጉ…ሬዛ?"

"ነበሩ።"

"ስ…ንት?"

"ልቆጥር ነው እንዴ የሄድኩት?" ትለዋለች። በማግስቱ ግን ሳታስበው ስትቆጥር ራሷን ትይዛለች።

ድካሙ ለቀቃት ማለት አይደለም። እንዲያውም በፊት የማታውቀው የእግር ድካም ተጨመረባት። ግን ሁለቱ ድካም አንድ እንዳልሆነ ገባት። የእግሩን ድካም እንቅልፍ ያነሣዋል። ያኛው፣ ከአልጋ ሳትወርድ የሚጠብቃት፣ ቢሮ ወንበሯ ላይ አብሯት የሚቀመጠው፣ እንቅልፍም አያነሣውም። ጫካው ውስጥ ግን ለጥቂት ጊዜ ይተዋታል። እዚያ የሚጠራት የለም። ዳማ ቅጠል ስታነፈንፍ፣ መቻል እያነከሰ ሲከተል፣ ከእሷ የሚፈልጉት አብራቸው እንድትሄድ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት የወደቀ ግንድ ላይ አረፍ ብላ በዚያው እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ መቻል አገጩን እግሯ ላይ አሳርፎ ተኝቷል፤ ዳማ መንገዱን ትጠብቃለች። ያን ቀን ቢሮ አርፍዳ ገባች። በእሷ ማርፈድ የፈረሰ ነገር አልነበረም።

በጥቅምት ወር፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ጫካው አፍ ላይ ደርሰው ሳለ ዳማ ጆሮዋን ቀሰረች። አስካለማርያም "ዳማ!" ሳትል ውሻዋ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። የሚሰባበር እንጨት፣ የከርከሮ ድምፅ፣ ከዚያም የዳማ ጩኸት ተሰማ። ስትወጣ በሦስት እግሯ ነው፤ ጎኗ ከብብቷ እስከ ሆዷ ተተርትሯል።

አስካለማርያም ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለቻት። ጩኸቱን ሰምታ ላቀች ሮጣ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ውሻዋን በጆንያ ላይ አጋድመው፣ እያረፉ፣ እየተንሸራተቱ፣ መቻልን አስከትለው አስፋልቱ ላይ አወጧት። ባጃጅ ሁሉ ቆም ይልና ደሙን ሲያይ ጥሎ ይሄዳል። አንዱ፣ "እናቴ፣ እኔ ሰው ነው የምጭነው" አላት። አስካለማርያም መንገድ ዳር ቁጭ አለች። በባሏ መታመም ያላለቀሰችውን ልቅሶ እዚያ፣ በሰው ፊት፣ አለቀሰችው።

አንድ ባጃጅ አልፎ ሄዶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሾፌሩ ኢሳያስ ይባላል። "የጋሽ ተክሌ ውሻ አይደለችም እንዴ? መኪና ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ይጫኗት፣ ይጫኗት፣ ወንበሩ ይታጠባል።"

እሑድ ስለሆነ የእንስሳት ክሊኒኩ ዝግ ነው። ኢሳያስ እየነዳ ደወለና ልዑልቃል የሚባለውን የእንስሳት ሐኪም ከቤቱ ጠራላቸው፤ ግቢያቸው እንደደረሱ እሱም በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ግን ዳማ አላስነካ አለች። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ ጥርሷን ታወጣለች፤ አስካለማርያም ላይ ሳይቀር አጉረመረመች።

"እትዬ፣ እንዲህ ሆና ማደንዘዣውን ልወጋት አልችልም" አለ ልዑልቃል። "በደንብ የምታምነው ሰው ይኖራል?"

ከውስጥ የተክለጻድቅ ድምፅ መጣ። "አም…ጧት።"

አስካለማርያም ወደ ቤቱ ዞረች። ውሻ ያን ደፍ አልፎ አያውቅም፤ አታሳልፍምም ነበር። አንሶላውን የቀየረችው በዋዜማው ነው፤ አጥባ፣ አስጥታ፣ ከዝናብ አሽሽታ። ለአፍታ ያን አሰበች።

"አምጧት ሲል አልሰማችሁም እንዴ!" ብላ ገብታ አልጋው ላይ ፕላስቲክ ዘረጋች።

ዳማን አጠገቡ አጋደሟት። ተክለጻድቅ በግራ እጁ ጭንቅላቷን አቅፎ ዓይኗን ሸፈነላትና በዚያ በተሳሰረ ምላሱ ማውራት ጀመረ። ሌላ ሰው ሲያናግረው ቃሉ ጎድሎ ስለሚወጣ ያፍርና ይተዋል። ዳማ ግን የጎደለ ነገር አልሰማችም። ማጉረምረሟን ተወች። መርፌው ሲገባ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተነሣችም። ልዑልቃል ላብ በላብ ሆኖ ሲሰፋ፣ ተክለጻድቅ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

"ይችን እ…ጄን" አለ።

ገባት። አልታዘዝ ያለችውን ቀኝ እጁን አንሥታ የውሻዋ ጀርባ ላይ አኖረችለት። ብዙ ከቆየ በኋላ፣ "ት…ሞቃለች" አለ። ይሙቀው ወይም ይምሰለው ማን ያውቃል፤ ግን ሰው ሲንከባከበው የከረመ ባሏ፣ ያን ቀን ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚፈለገው እሱ ነበር፤ እሱም አውቆታል።

ሲያበቃ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ኢሳያስና ላቀችም ሻይ ጠጥተው ሄዱ። አንሶላው እንዳልነበረ ሆኗል። አስካለማርያም በጭቃ ልብሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጠች። መቻል ማንም ሳይጠራው ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። ልታስወጣው አሰበችና አቅም አጣች።

ዳማ እስክትድን ሳሎን ከረመች፤ ስትድንም ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም። ተክለጻድቅም ቀስ በቀስ፣ በሰብሌ ትከሻና በከዘራው፣ ከአልጋው እስከ በረንዳው መድረስ ቻለ። ከዚያ አላለፈም፤ ያልፍ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። የቢሮው ስብሰባ አልቀነሰም። ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ ጠዋት አስካለማርያም ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ ሌሊቱን ስታገላብጠው አድራለች። አዳሯን እዚያ ያደረገችው ሰብሌ አዘነችላትና፣ "ዛሬስ እኔ ልውሰዳቸው፤ አንቺ ተኚ" አለቻት።

እሺ ልትል ነበር። አፏን ከፈተች። ከዚያ ሰብሌ ያቺን ቀጭን መንገድ ስትሄድ፣ ላቀች ደጅ ስትቀመጥ ታያትና ቅር አላት።

"ተይው፤ እኔው እሄዳለሁ" አለች።

ካፊያው እየመታት ሄዳ፣ ርሳ ተመለሰች። ውሾቹ ቀድመዋት በረንዳው ላይ ተክለጻድቅን ከብበውታል። እሷ ደረጃው ላይ፣ ከእግሩ ሥር፣ እንደ ከረጢት ወደቀች። ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ማጎንበስ ጨነቃት። እሱም ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረ። ክሩ ርሶ ጠብቋል። ይስበዋል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። የሥራ ሰዓት ደርሷል።

አልቸኮለችም። እግሯን ትንሽ ወደ እሱ አስጠጋችለት።