ጨው የሌለው ግነት

ሊጥ የያዘ እጅ መጽሐፍ አይገልጥም። የእኔ እጅ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ከሊጥ አይወጣም፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን የቃል ፈተና ነበረብኝ። የማታ ተማሪ ነኝ። አምና በዚሁ በሥነ ጽሑፍ ወድቄያለሁ፤ ዘንድሮ ከደገምኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬቴን በሕልሜ ነው የማየው፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። ልጄን ሳረግዝ ያቋረጥኩትን ትምህርት ያቺው ልጄ አድጋ ታስጠናኛለች።

ባሌ ትምህርት ልጀምር ነው ስለው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ ወደ ዳቦ ምድጃው ዞረ። እሱ እንደሆነ «ዝም አይነቅዝም» ባይ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። ጠዋት ምድጃውን ሲለኩስ ግን ከሞተችው እናቱ ጋር ያወጋል! «እማዬ፣ ዛሬ እሳቱ አልበዛም?» ይላታል። ዳቦ ቤታችንን ያቋቋመችው እሷ ናት፤ እኔ ሳላውቃት ነው ያረፈችው። እኔ በሕይወት ያለሁት አጠገቡ ተገትሬ፣ ስለ እሳቱ የምትጠየቀው ሟቿ! «አባትሽ ለየለት» እላታለሁ ልጄን።

ይሁን። ልጄ ዘይቤዎቹን አንድ በአንድ ስታስረዳኝ ግን ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርኩት ሁሉ ስም አለው! «ጎረቤታችን እንደ ቆቅ ንቁ ናት» ስል ተነጻጻሪ ነው። «ሊጡ ዛሬ አኩርፏል» ስል ሰውኛ። አርፍዶ ለሚመጣው ሾፌራችን «አቤት፣ ስትፈጥን!» የምለው ምጸት። እኔ እኮ ነገረኛ ነሽ ስባል ነው የኖርኩት፤ ለካ ባለ ዘይቤ ነኝ! አንዱ ብቻ፣ እንቶኔ የሚሉት፣ አልገባ አለኝ። «የሌለን ሰው እንዳለ አድርጎ ማናገር ነው፣ እማ» ትለኛለች። ትርጉሙን ሸመደድኩት፤ ምሳሌ አምጪ ስባል ግን ባዶ።

በእኛ ቤት ዳቦ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ፊቱ ላይ በቢላ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ሰረዝ የካፌው ነው፤ ሁለት ሰረዝ የሐኪም ቤቱ፣ ጨው የሌለው። ሾፌሩ ምልክቱን እያየ ይጭናል። ምልክት ማድረግ የባሌ ሥራ ነው፤ የዚያን ጠዋት ግን ዱቄት ሊያስገባ ወጣ አለ። ቢላው ከፊቴ፣ ሊጡ ከፊቴ፣ ፈተናው ከፊቴ። ታዲያ ምን ላድርግ? በሰረዙ ፋንታ በየዳቦው ላይ የዘይቤ ስም እየቀረጽኩ ምሳሌውን ጮክ ብዬ አነበነብኩት። «ግነት! ሳቄ ጣራ ነቀለ! ምጸት! አቤት፣ ስትፈጥን!» ትሪው ሞላ፤ እኔም አፌ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ። ባሌ ሲመለስ ዳቦው ምድጃ ገብቶ ነበር።

ጉድ ፈላ። ሾፌሩ ማንበብ እንጂ መለየት አልቻለም፤ እንዳመጣለት ጫነ። ረፋዱ ላይ የካፌው ባለቤት እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። በእጁ «ግነት» የሚል ዳቦ ይዟል።

«ምንድን ነው ይሄ? ጨው የለው፣ ለዛ የለው! ደንበኞቼን እኮ ፈጃችኋቸው!»

«ግነት» አልኩ፣ አምልጦኝ።

«የተጻፈውን አንብቤዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ውለታ ነው የዋላችሁልኝ!»

ምጸት፣ አልኩ በሆዴ። ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም መሰለኝ፣ የሰውዬው ደም ሥር ተገታተረ። ልጄ ወደ ሐኪም ቤቱ በረረች፤ ደግነቱ ዳቦው ጓዳ እንዳለ ሳይታደል ደረሰችበት። ባሌ ለካፌው ሰው ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ጭኖ ሸኘው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቢጮህብኝ በወደድኩ። ቢላውን በጨርቅ ጠርጎ ኪሱ ከተተና፣ «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አለኝ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖልኝ አላወቅኩም፤ ዱቄቴን እንኳ ሳላራግፍ ወጣሁ።

ፈታኟ ወጣት መምህርት ናት። ተነጻጻሪን፣ ሰውኛን፣ ግነትን ስትጠይቀኝ እንደ ትኩስ ዳቦ ከአፏ እየቀለብኩ መለስኩ። ምጸት ላይማ የካፌውን ሰውዬ ተረኩላትና በሳቅ ፈረሰች። በደስታ መቀመጫው አልበቃ አለኝ።

«እንቶኔስ?» አለች። «ከራስዎ ምሳሌ ጋር።»

ትርጉሙን አልኩት፤ ምሳሌው የለም። አንገቴን ደፋሁ። እጅጌዬ ላይ የጠዋቱ ዱቄት አለ፤ የምድጃችን ሽታም አለቀቀኝም። ያኔ በጆሮዬ ጥርት ብሎ መጣ።

«እማዬ፣ ዛሬ እሳቱ አልበዛም?» አልኩ።

«እ?»

«ባለቤቴ ነው። እናቱ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው። በየጠዋቱ ምድጃው ፊት ቆሞ እንዲህ ይላታል።» እኔ እኮ ለየለት እያልኩ ስስቅበት ነበር፤ ለካ እናቱ ናፍቃው ነው! «ሰው እንደዚያ የሚናገረው ሲናፍቅ ነው» አልኳት።

መምህርቷ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። «አልፈዋል» አለች።

መንገዱን በሩጫ ጨረስኩት። ያየኝ ሰው ሁሉ ሌባ የማባርር ሳይመስለው አልቀረም። ባሌ ለማታው ዳቦ ምድጃውን እየለኮሰ ነው።

«አለፍኩ!» አልኩ ከበር።

እኔን አላየኝም። ወደ ምድጃው ዞረና «እማዬ፣ ሰማሽ? ልጅሽ አለፈች» አለ።

ልጅሽ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ፊቴን በዱቄታሙ እጅጌዬ ጠረግኩ።

«የጠዋቱን ዳቦ ነገር ግን እንዳትነግራት» አልኩት።

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች» አለና ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።