ሬሳ የሌለበት ሙሾ

«እንግዲያ ሬሳው የታል?» አለ ላቀው እንደገና።

ሚስቱ እታለም ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አውርዳ ታጥፍ ነበር። ጠዋት የተጀመረው ጭቅጭቅ ከምሳ በኋላም አልበረደም፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጎረቤቶችም ሰምተውታል። ባልና ሚስት የሚጣሉበት ነገር እንደ ማንኩሳ ባለች ትንሽ ቦታ ተደብቆ አያድርም። የዛሬው ግን ለሰሚውም እንግዳ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ታድሶ የሥዕል ሙዚየም ከሆነ ወዲህ፣ ቅዳሜ ማታ ሰው ይሰበሰብበታል። ሠዓሊ ስለ ሥዕሉ ያወራል፣ ፊልም ይታያል፣ አዝማሪ ወይም ባለቅኔ ይጋበዛል። ለዛሬ የተጋበዘችው እታለም ናት። ዝግጅቱን የምትመራው ትሕትና የምትባል ወጣት፣ አያቷ ሲቀበሩ እታለም ስታለቅስ ሰምታት ኖሮ፣ እስከ ቤቷ ድረስ መጥታ ለመነቻት። ሙሾ እየጠፋ ነው አለቻት፤ የከተማው ልጅ ይስማው፤ ማንም ባይሞትም እንደ ሞተ አድርገው ያልቅሱልን።

እታለም አልቃሽ ናት። ከሽንዲ ሳይቀር መጥተው ይወስዷታል። የሟቹን ስም፣ ቁመናውንና ሙያውን ትጠይቅና ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ ደረቱን የማይመታ የለም። የገዛ ልጇን ግን አላለቀሰችውም። ወንዳወቅ ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወርዶ፣ ከዚያም በረሃውን ሊያቋርጥ መነሣቱን በስልክ ነግሯቸው ድምፁ ከጠፋ ስድስት ክረምት አለፈ። መርዶ አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ድንኳን አይጣልም፣ ፍትሐት አይደረግም፣ ሐዘንተኛም የኩታውን ጥለት ወደ አንገቱ አዙሮ አይለብስም። አንድ ጊዜ ዘመዶች ተመካክረው ቁርጣችሁን እወቁ ሊሏቸው ቢመጡ፣ ላቀው ደጅ ላይ ቆሞ መለሳቸው። ኩታዬ የሚዞረው ሞቱን በዓይኑ ያየ ሰው ሲመጣ ነው አላቸው።

ሬሳ በሌለበት ማልቀስ ሞትን ስም ጠርቶ ማስገባት ነው፤ ላቀው የሚፈራው ይህን ነበር። እታለም ግን በሰው ለቅሶ ላይ በቆመች ቁጥር የልጇ ስም አፏ ላይ ይመጣባታል፤ ትውጠዋለች። ሬሳ ሳይኖር ሙሾ የሚወርድበት ቦታ አለ ሲሏት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

«ጨዋታ ነው» አለች በመጨረሻ። «የማለቅሰው ኖሮ ለማያውቅ አዳኝ ነው።»

«አንቺ ስትዋሺ ነጠላሽን ሁለት ጊዜ ታጥፊያለሽ።»

እታለም እጇን አየች። እውነትም የታጠፈውን ፈትታ እንደገና እያጠፈችው ነበር።

«አንቱ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ይመጣል ብለው በሩን ሳይቀረቅሩ አደሩ» አለችው። «ብርዱን አብሬ ቻልኩ፤ ይዝጉት አላልኩም። እኔንም አንድ ማታ ይተዉኝ።»

ላቀው የልጁን ስም እንዳትጠራ አስማላት፤ ካልሰማሁ አላምንም ብሎም አብሯት በሚኒባስ ተሳፈረ።

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። በግድግዳው ዙሪያ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ ፊት ለፊት ለፊልሙ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል። ሠዓሊው ያለ ገበሬ ብቻውን ስለቆመ አንድ ቀይ በሬ ሥዕል ሲያስረዳ፣ ላቀው ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፣ ይህ በሬ ቀንበር አያውቅም፣ ጫንቃው ላይ ምልክት የለውም አላት። ቀኑን ሙሉ ያለ ቁጣ ያናገራት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ተራዋ ደርሶ እታለም ስትነሣ ስልኮች ከፍ ከፍ አሉ። አዳኙን ጀመረችው፤ ጎፈሬውን፣ ጠመንጃውን፣ የጣለውን ጎሽ። ሰዉ በፈገግታ ይሰማ ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

ጅራፉን በግራው ሲያስጮኸው ማለዳ፣
በሬው ያርስ ነበር ሳይገፋ ሳይጎዳ።

ላቀው ቀና አለ። ማንኩሳ ውስጥ ጅራፍ በግራ እጁ የሚይዝ አራሽ አንድ ብቻ ነበር።

ሞፈሩም እዚያው ነው፣ ቀንበሩም ተሰቅሏል፣
ይመጣል እያልኩኝ ክረምቱ አልፎኛል።
አፈር ያልለበሰ እንዴት ይለቀሳል፣
እንባዬስ ቢወርድ የቱን አፈር ያርሳል።

ስሙን አልጠራችም። መሐላዋን ጠብቃለች። ስትጨርስ ጭብጨባው መጣ። በለቅሶ ላይ ተጨብጭቦላት አያውቅምና ፊቷን በየት በኩል እንደምታዞር ጠፋት። ትሕትና እጇን ይዛ፣ በላቀው ወንበር አጠገብ አሳልፋ፣ ከእሱ ብዙም በማይርቅ ጥግ ላይ አስቀመጠቻት። የወጣቷ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አዳኙ ግራኝ ነበር እንዴ፣ እማማ?»

«ግራኝ ነበር» አለች እታለም።

«ነበር» ስትል የራሷን ቃል ሰማችው። ላቀውም ሰምቷል፤ ትከሻው ወረደ።

መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ጀመረ። ስለ አንድ የቡሬ የሠርግ ቤት የተሠራ አጭር ፊልም ነበር፤ ሚዜዎቹ ገና ብቅ ሲሉ ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን ወንበሮቹ ላይ ሲወድቅ፣ እታለም ባሏን ከጥጓ ሆና ታየው ነበር። ላቀው ተነሣ። ኩታውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋው፤ ጥለቱን በጣቱ ፈልጎ አገኘው፤ ወደ አንገቱ አዞረና ለበሰው። በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ በቀዩ በሬ ሥር አለፈ። ፊልሙ አማቲቱ ሙሽራውን የምትገሥጽበት ቦታ ደርሶ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ላቀው ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ቀስ ብሎ ዘጋው።