ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሳለ የተጸለየ ጸሎት

ይህ በእርግጥ የሆነ ነው። አንዲት ቃል ተጨምሮበት ከተገኘ የተራኪው ምላስ ይታሰር፤ ጢሙም ጉልበቱ ድረስ ይደግና የሚላጨው ይጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ሲቆጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። መስታወቶቹ ይርገበገባሉ፣ ውሾች መንገድ ይቀይራሉ፣ ጎረቤቱ ዳቦ ቤት ያለው ሊጥ ያለ እርሾ በድንጋጤ ብቻ ኩፍ ይላል። ባለፈው ሰሞን እህቱ ቤት ካርታ ሲጫወቱ ከባሏ ጋር ተጣልቶ ጠረጴዛ ገልብጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘጋችበት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ደወለች።

«ጋሼ፣ ባሌን ጢሙን እንድትላጨው ልኬልሃለሁ። ታርቃችሁ ማታ ለእራት አብራችሁ ኑ። አንዲት ክፉ ቃል ብትወጣህ ግን ወንድም አልነበረኝም ብዬ እቀመጣለሁ።»

«እኔ? እኔኮ በግ ነኝ፣ እቴ!»

«አዎ፣ ቀንዳም በግ» አለችና ዘጋችው።

ባልየው ከቀትር በኋላ መጣ። ሱቁ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት አንድ ጡረተኛ መምህር ብቻ ነበሩ፤ ጥጉ ላይ ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል። አስተካካዩ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ሳሙናውን በብሩሽ መታ፤ አረፋው ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው። ጉንጭና ጉንጩን በሰላም ጨረሰ። አገጩን ቀና አድርጎ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሲያሳርፍ፣ ሰውየው ዝም ቢል ምን ነበረበት!

«ያን ቀን ጠረጴዛውን የገለበጥከው ስለተሸነፍክ ነው» አለ ከአረፋው ውስጥ። «ለነገሩ አንተ ከምላጭህ ይልቅ ምላስህ ነው የሚቆርጠው።»

የአስተካካዩ ደም ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ ጆሮው ላይ ወጣ። እሳተ ገሞራ በዚያ ቢያልፍ «ግድ የለም፣ አንተ ቅደም» ይለው ነበር።

በዚህ መሐል የእናቱ ነገር ትዝ አለው። እናታቸው ስትናደድ ከሰው በፊት ወደ ላይ ነበር የምትናገረው፤ «ጌታ ሆይ፣ አፌን ዝጋልኝ፣ እጄን ያዝልኝ» ትላለች፤ ልጆቿንም ይህንኑ አስተምራለች።

ዓይኑን ጨፈነና ጸለየ። ምን ዓይነት ጸሎት! አረፋው ደርቆ ኖራ እስኪሆን፣ ጣራው ላይ ያሉት ርግቦች ጭጭ እስኪሉ፣ በመንገዱ ያሉ መኪኖች ጥሩንባቸውን እስኪውጡ ድረስ ጸለየ። ቁጣው በበሩ ሾልኮ ሲወጣ የእግሩ ኮቴ ተሰማ። ከዚያ ምላጩን እንደ ላባ አስቀመጠና «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው» ብሎ ግንባሩን ሳመው።

አስተካካዩ ይህን ሁሉ ያወራው ማታ እህቱ በር ላይ ቆሞ ነው። ባልየው አጠገቡ መሬት መሬት ያያል። ለምስክርነት በግድ የተጎተቱት መምህር ከኋላ ቆመዋል። እህትየው በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛዋለች፤ ገና አልከፈተችም።

«መምህር፣ እስቲ ይንገሯት! ጸሎቱን ሰምተዋል አልሰሙም?» አለ።

«ጸሎቱንስ ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ መምህሩ ዝግ ብለው። «የመጣው ግን ከተላጪው ወንበር ነው። እሱ ነው ዓይኑን ጨፍኖ ‹ጌታ ሆይ፣ አፌን ዝጋልኝ፣ እጁን ያዝልኝ› ሲል የነበረው። አንተ እሱን ሰምተህ ምላጩን አስቀመጥክ። የሳመ ሰውም አላየሁም፤ ፎጣ ነው የወረወርክለት።»

እህትየው ወደ ባሏ ዞረች። «የእማዬን ጸሎት? ከየት ተማርከው?»

«ካንቺ ነዋ! እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ትይው የለ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ መምህሩን ጠየቀች። «ወንድሜን ክፉ ቃል ወጥቶታል?»

«አልወጣውም፣ ልጄ። ጸሎትም አልወጣውም።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።