የጋሽ ወልደየሱስ መጥረጊያ

ጋሽ ወልደየሱስ ዛሬም ቅጠሉን ጠረጉት። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው!

ሆሳዕና ያለው አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ ወደ እንግዳ ማረፊያ ሲቀየር፣ ግቢውን ጫካ እንዳደርገው የተቀጠርኩት እኔ ሰሎሜ ነኝ። ሥሩ ሲሚንቶ ነው፤ የደለደልኩበት አፈር ከጉልበት አያልፍም። የተከልኳቸው ዝግባና ብሳና በጋውን የሚሻገሩት መሬቱ ደረቅ ቅጠል ከለበሰ ብቻ ነው። ቅጠሉን ከዳምቦያ በኢሱዙ አስጭኜ አመጣለሁ፤ ዘበኛው ጋሽ ወልደየሱስ በማግስቱ ጠርገው ያቃጥሉታል። ባለቤቱ ሐጂ ፈትሁዲን ደግሞ ቁርጡን ነግረውኛል፦ ቅዳሜ መጥተው ያያሉ፤ አፈሩ ከደረቀ ኮብልስቶን ይነጠፍና መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት!

"ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ቅጠሉ ለችግኙ ብርድ ልብሱ ነው።"

"ገብቶኛል ኢንጂነር" አሉ፣ መጥረጊያውን ሳይለቁ። "ግን ሠላሳ ዓመት እዚህ ዘበኛ ነኝ። በበሩ የሚያልፍ ሰው ምን ይለኛል?"

"የፈለገውን ይበል!"

"አንቺ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

መጥረጊያውን ቀምቼ መኪናዬ ውስጥ ቆለፍኩት፤ አዲስ ቅጠልም አስበተንኩ። ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ በማድረጌ አፍሬያለሁ፤ ንዴቴ ግን በለጠ። እሳቸውም ሦስት ቀን ለግቢው ጀርባቸውን ሰጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ መሬቱ ራቁቱን ቀርቷል። ሃያ የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች መጥረጊያ ይዘው ላብ በላብ ሆነዋል። ቅጠሉ በሩ አጠገብ ተከምሯል፤ ገነቴ የሚሏት ሴትዮ ክብሪት ልትጭር ነው።

"ማን አዘዛችሁ?" ብዬ ጮህኩ።

"የወልደየሱስ ግቢ ሦስት ቀን ሳይጠረግ፣ እሱም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስናይ ታሟል አልን" አለች ደንግጣ። "ጸለይንለት። ከዚያ ልንጠርግለት መጣን። ወንድማችን አይደለም እንዴ?"

አሁን ይኼ ምን ይባላል? ክፉ ሰዎች በሆኑና ሰድቤያቸው በወጣልኝ! የሐጂ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ወልደየሱስ እንባዬን አይተው በሩ ላይ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከክምሩ ሁለት እጃቸውን ሞልተው ዘገኑና፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ የተጠረገው መሬት ላይ በተኑት።

"አልታመምኩም" አሉ። "ይኼ ግቢ የሚያምረው እንዲህ ሲሆን ነው። አግዙኝ።"

ሐጂ ፈትሁዲን ገብተው ግቢውን አዩ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ፤ እርጥብ ነው።

"ጫካው ይቆይ" አሉ።

ገነቴ ግን አላመነችም። ቀረብ ብላ የጋሽ ወልደየሱስን ግንባር ዳሰሰች፣ ትኩሳት እንዳለባቸው ለማየት። እሳቸው መበተናቸውን አላቆሙም።