የቀጭን ውኃ አባት በዓላት

ቀጭን ውኃ ወንዝ ተብሎ መጠራቱ ራሱ ውለታ ነው፤ በየካቲት ፍየል እግሯ ሳይርስ ትሻገረዋለች። ለይዘንጋሽ ግን ከታች መንደር ለተከለችው ነጭ ሽንኩርት ያለው ውኃ እሱ ብቻ ነበር። በዚህ ሳምንት ካልጠጣ፣ ለሞላሌ ገበያ የምታወጣው ሽንኩርት ሳይሆን ገለባ ነው።

የውኃ ተራዋ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን ውኃው ከላይ መንደር ተገድቦ የጋሽ አበረን የባሕር ዛፍ ችግኝ ሲያጠጣ ከረመ። ልትከስ ወደ ውኃ አባቱ፣ ተራ ወደሚያከፋፍለው ዳኛ ሄደች። ችግሩ፣ የውኃ አባቱም ጋሽ አበረ ነበሩ። ክሷን በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን በነጻ አሰናበቱ።

«ታገሺ ልጄ፤ ውኃ የእግዜር ነው።»

«አይ፣ እኔስ የእርስዎ መስሎኝ ነበር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ላይ፣ ጋሽ አበረ የፕላስቲክ ጣሳቸውን ከፍ አድርገው ስለ ጽድቃቸው ጀመሩ። የውኃ አባት ተብለው የተሾሙትም በዓል አክባሪ ናቸው ተብሎ ነው።

«እኔ በዕድሜዬ አንድ የወር በዓል ሽሬ አላውቅም!»

ይዘንጋሽ ብድግ አለች። «እሰይ ጋሽዬ! ነገ ኡራኤል፣ ማግስቱን ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ተክለ ሃይማኖት። ዶማ አይነኩማ?»

«ዶማ? እፍኝ አፈር አልነካም!»

«መሪጌታ፣ ሰምተዋል?»

መሪጌታ አፈወርቅ ሰምተዋል። ሰንበቴው በሙሉ ሰምቷል።

ሰኞ ጠዋት ይዘንጋሽ ዶማዋን ይዛ ወጣችና ግድቡን ናደችው። በአጥቢያው እነዚህ ቀኖች ሥራ አያስፈቱም፤ አንድም አልሽርም ያሉት ጋሽ አበረ ብቻ ናቸው። ጋሽ አበረ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

«ኧረ ዝጊው! ችግኜ!»

«ተራዬ ነው። ካሻዎት እርስዎ ይዝጉት።»

ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ አንዱን ድንጋይ በእግራቸው ወደ ውኃው ገፋ ገፋ አደረጉ።

«ጋሽዬ፣ እግርዎ በዓል አያከብርም እንዴ?»

መሪጌታ አፈወርቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገዱ ላይ ቆመው ያያሉ። የጋሽ አበረ እግር ወደ ጋቢው ተመለሰ።

ረቡዕ ማታ ሽንኩርቱ ቀና ብሏል። ሐሙስ ማለዳ ጋሽ አበረ ዶማቸውን ተሸክመው መጡ።

«ዛሬስ ተራው የኔ ነው!»

«ነው እንጂ። የሁለት ሳምንት ተራዬን ጠጥተውብኛል እንጂ፣ ነው። ግን ዛሬ መርቆሬዎስ አይደል?»

ጋሽ አበረ ቀና ብለው መንገዱን አዩ። መሪጌታ እዚያው ናቸው። ዶማቸውን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ሣሩ ላይ አስተኙት።

«ነገ ደግሞ ሀብተ ማርያም ነው» አለች ይዘንጋሽ ውኃውን ተከትላ እየወረደች፤ «እንኳን አደረሰዎ ጋሽዬ!»