ሕዝቅኤል ያልወጣው ጫፍ

ሕዝቅኤል ጦርነቱን የሚያሸንፈው ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነበር። ጊዜው ኅዳር 2014 ነው። አገር ቤት፣ ወሎ ላይ ሰው እያለቀ፣ እኛ ሀርጌሳ 26 ጁን ሰፈር ባለው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ሩዝ በፍየል ሥጋ እንበላለን። እሱ አለቃችን ነው። ላፕቶፑ ላይ ካርታ ይከፍትና በማውሱ ክፍለ ጦር ያንቀሳቅሳል።

«እዚህ ጋ አምስት ሺህ ሰው ቢሞትም ችግር የለውም፤ ቦታው ወሳኝ ነው» ይላል፣ አፉ ሩዝ እንደሞላ።

ሳህን የምታነሳው ብርሃንነሽ የውጫሌ ልጅ ናት። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። እሱም ይህን ያውቃል። እኔ አምሃ፣ የግዢ ሠራተኛው፣ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ራሴን እየነቀነቅኩ «ልክ ብለሃል» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ተራራ እንውጣ አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጋዓን ሊባሕን ሳይሆን፣ ከጎኑ ያለውን፣ ጎብኚ የማይደርስበትን በጥድ የተሸፈነ ተራራ። «የወታደር ወኔ እንዲኖረን» አለ። አዲስ ቡት፣ ሁለት ምርኩዝና ዝንጉርጉር ኮፍያ ገዛ። ብርሃንነሽ ምሳውን እንድትሸከም ታዘዘች።

ዓርብ ጠዋት ከተራራው ሥር ጂብሪል ጠበቀን። የዚያው መንደር ሰው ነው፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። በ1980 ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ወደ ጅጅጋ በእግሩ ሸሽቷል፤ አማርኛውን የለመደው እዚያ ነው። የውጭ አገር ሰው ከከተማ ሲወጣ የግድ የሚመደብለት ፖሊስ መኪናው ውስጥ እንደተኛ ቀረ።

«መንገዱ በዚህ ነው» አለ ጂብሪል።

«የፍየል መንገድ አልፈልግም» አለ ሕዝቅኤል ስልኩን እያሳየ። «ጂፒኤሱ በቀጥታ ውጣ ይላል።»

«በዚያ በኩል ገደል አለ፣ ወላሂ።»

«እዚህ ላይ ገደል የለም።»

ጂብሪል ስልኩን አየ፣ ሕዝቅኤልን አየ፤ ከዚያ ተከተለን።

ሁለት ሰዓት ያህል ያለ መንገድ ወጣን። እሾሁ ልብሳችንን ይዞ አይለቅም፤ ከጥዶቹ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ጺም መሰል የዛፍ ሽበት ፊታችንን ይዳብሳል። ሕዝቅኤል ከፊት ሆኖ ስለ ምሽግ ያወራል። ድንገት ወሬው ተቋረጠ። ቀና ስል ከበላያችን ካለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን ጥድ በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ገደል ነው። አንዱ ምርኩዝ እየተንኳኳ ወደ ታች ሄደ።

«እማዬ!» አለ። «እማዬ፣ ሞትኩ!»

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ብርሃንነሽ ምሳውን አስቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ በደረቷ እየተሳበች ሥሩ ደረሰች።

«አይዞዎት ጋሼ። ዛፉን ይልቀቁና ድንጋዩን ይያዙ። ቀኝ እግርዎን ይስጡኝ… እዚህ ጋ። አሁን ግራዎን።»

ቡቱን በእጇ እየያዘች፣ አንድ በአንድ እያስረገጠች አወረደችው። ሲያለቅስ ንፍጡ ኮፍያው ማሰሪያ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከጠርዙ በታች ያለ ደልዳላ ቦታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ውኃ ጠጣና «በቃ፣ ጫፍ ደርሰናል» አለ።

«ጫፉ እኮ ያ ነው» አለች ብርሃንነሽ፣ ወደ ላይ እያመለከተች።

«እሱ ሌላ ተራራ ነው።»

«ምን ያህል ያስኬዳል?» ብላ ጂብሪልን ጠየቀችው።

«በፍየል መንገድ ግማሽ ሰዓት።»

ሁለቱ ሄዱ። እኔም ልነሳ ስል ሕዝቅኤል «አንተ እኔ ጋ ቆይ» አለኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ ፀጉሯ ላይ የጥድ ቅጠል ነበረ። ምን እንዳየች ጠየቅኳት።

«በሰሜን ባሕር የሚመስል ነገር አየሁ። ወደ አገር ቤት በኩል ደግሞ አቧራ ብቻ ነው» አለች።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሕዝቅኤል ጉዞውን ለቢሮው ሰው ሁሉ ተረከ። በእሱ ትረካ ገደሉ ላይ የቀረችው ብርሃንነሽ ናት፤ ያወረዳት እሱ ነው። ይባስ ብሎ ከማዕድ ቤት ጠራት።

«ንገሪያቸው እንጂ እንዴት እንዳለቀስሽ!»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ያለቀሱት እርስዎ ነዎት። እናትዎን ሲጠሩ አዘንኩልዎ። እኔ የራሴ እናት በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ እርስዎ ግን በየቀኑ እኔ ፊት በካርታ ይገድሏታል።»

ሹካ ሁሉ ቆመ። ሕዝቅኤል ወደ እኔ ዞረ። «አምሃ፣ አንተ ነበርክ። ተናገር።»

«እኔ… ከኋላ ነበርኩ» አልኩ። «በደንብ አላየሁም።»

ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችና ወጣች። ሕዝቅኤል «እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ የምንረዳው» ብሎ ካርታውን ከፈተ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርሃንነሽ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ በሆዳን በምትባል ሴት ምግብ ቤት ውስጥ እንደምትሠራ ሰማሁና ሄድኩ። ያዘዝኩትን አምጥታ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስቀመጠችልኝ። በልቼ ስጨርስ፣ ለቀናት ስለማመደው የከረምኩትን ንግግር ጀመርኩ።

«ብርሃንነሽ፣ የዚያን ዕለት እኔ በእውነት…»

ቢሮ ሳለች «ጋሼ» ነበርኩ፤ አንቱ ትለኝ ነበር።

«በልተህ ከጨረስክ ተነሳ» አለችኝ። «ቦታው ይፈለጋል።»